ቀጠሮና ቀብድ በውበት ሥራ፦ ከጎረቤት ሹሩባ እስከ ሙሽራ ፓኬጅ

በኢትዮጵያ ከተሞች የሙሽራ ሜካፕና የፀጉር ሥራ ቀጠሮ ዛሬ ብዙውን ጊዜ በቀብድ ይያዛል። ደንበኛዋ ቀኗን ትመርጣለች፣ ከዋጋው የተወሰነውን በስልኳ ትልካለች፣ የላከችበትን ደረሰኝ ታሳያለች፤ ስሟም መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በዚህ አሠራር ዕድሜያቸው እጅግ የተራራቀ ሁለት ነገሮች ተገናኝተዋል። ቀብድ በገበያና በሕግ ውስጥ ብዙ መቶ ዓመታት ያስቆጠረ መተማመኛ ሲሆን፣ በሰዓት የተቆረጠ የውበት ቀጠሮ ግን ከመብራት፣ ከስልክና ከከተማ ኑሮ ጋር የመጣ ነው። ሁለቱ የተገናኙበትን መንገድ መከተል፣ ሳሎኖችና ደንበኞች ዛሬ የሚወዛገቡበት ጉዳይ ከየት እንደመጣ ያሳያል።

ሰዓት ያልነበረው ቀጠሮ

ፀጉር መሠራት ለረጅም ዘመን የቤትና የጎረቤት ሥራ ሆኖ ኖሯል። እናት ለልጇ፣ እኅት ለእኅቷ፣ ጎረቤት ለጎረቤቷ ትሠራለች። በየሰፈሩ ደግሞ እጇ የተመሰገነላት አንዲት ሹሩባ ሠሪ አትጠፋም፤ ለበዓል፣ ለክርስትና ወይም ለሠርግ ሲሆን ሁሉም ወደ እሷ ያመራል። ተሠሪዋ ዝቅ ብላ ትቀመጥና ራሷን ወደ ሠሪዋ ጉልበት ታስጠጋለች። ፀጉሩ በሚዶ ይበጠራል፣ በመስመር በመስመር ይከፈላል፣ ከግንባር ወደ ማጅራት እየተጎነጎነ ይወርዳል፤ በመጨረሻም ለጋ ቅቤ ይቀባል። ቀጫጭን ሹሩባ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ፀጉሩ ረዥምና ብዙ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ሥራው በቡናና በጨዋታ መካከል ስለሚከናወን ግን ሰዓቱን የሚቆጥር አልነበረም።

ሙሽራን ማስዋብም እንዲሁ የዘመድ ሥራ ነበር። እንሶስላ ተወቅጦ እጅና እግሯ ላይ የሚታሰረው፣ ዓይኗ የሚኳለው፣ ፀጉሯ የሚሠራው በቤቷ ውስጥ፣ በእናቷ ዘመዶችና በጓደኞቿ እጅ ነው። በወሎ የታወቀው የወይባ ጢስ ደግሞ ቀናት የሚወስድ ዝግጅት ስለሆነ ሙሽራዋን ከሠርጉ በፊት ቤት ያውላታል። ይህ ሁሉ ዝግጅት የሠርጉ አካል ነው፤ ለብቻው ዋጋ ወጥቶለት የሚገዛ አገልግሎት አልነበረም።

ክፍያውም በአብዛኛው ውለታ ነበር። የዛሬዋ ሠሪ የነገ ተሠሪ ናት። ዘመድ ላልሆነች ባለሙያ ጥቂት ሳንቲም፣ ቡና ወይም እህል ይሰጣታል። ቀጠሮ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ቀጠሮው በሰዓት ሳይሆን በቀን ይቆረጥ ነበር፤ «ለማርያም»፣ «ከገበያ መልስ»፣ «ለፋሲካ ዋዜማ» ይባላል። የተቀጠረችው ሴት ብትቀር ሠሪዋ ጥጧን ትፈትላለች፣ ወጧን ትሠራለች፣ ወይም ሌላዋን ጎረቤት ትጠራለች። የከሰረ ገንዘብ የለም። በቀረችው ላይ የሚያርፈው ቅሬታ ነው፤ እሱም በሚቀጥለው ቡና ላይ በወቀሳና በይቅርታ ይዘጋል።

ቀብድ በዕቃ ገበያ

ቀብድ በዚያ ዘመንም ይታወቅ ነበር፤ የሚሠራበት ቦታ ግን ሌላ ነበር። ከብት ገዢ የመረጠው በሬ ለሌላ እንዳይሸጥበት ቀብድ ያስይዛል። ሸማኔው ድርና ማጉን፣ ወርቅ ሠሪው ወርቁን፣ ልብስ ሰፊው ጨርቁንና ክሩን የሚገዛው በቀብድ ነው። ምክንያቱ በሁሉም ዘንድ ተመሳሳይ ነው። ባለሙያው አስቀድሞ ከኪሱ ያወጣል፤ በአንዲት ሴት ልክ የተሰፋ ቀሚስ ደግሞ ለሌላዋ አይሆንም። ስለዚህ ሥራውን ያዘዘው ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ኪሳራው ባለሙያው ላይ ብቻ እንዳይወድቅ አስቀድሞ ጥቂት ገንዘብ ይጥላል።

ልማዱ በብዙ አገሮች ሕግ ውስጥ ተመሳሳይ መልክ ይዞ ይገኛል። የምሥራቅ ሮም ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባወጣው ሕግ፣ ቀብድ የሰጠ ገዢ ግዢውን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ሻጭ ሽያጩን ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይኸው ደንብ እ.ኤ.አ. በ1804 በወጣው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1590 ላይ ሰፈረ። የኢትዮጵያን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ሕጉ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል፣ ነባሩ የገበያ ልማድና ከሮም በፈረንሳይ በኩል የመጣው ደንብ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ተገናኙ።

ሕጉ ስለ ቀብድ የሚናገረው በሦስት አጫጭር አንቀጾች ነው። በአንቀጽ 1883 መሠረት ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። አንቀጽ 1884 ውሉ በተፈጸመ ጊዜ ተቀባዩ ቀብዱን እንዲመልስ ወይም ከሚከፈለው ሒሳብ ላይ እንዲቀንስ ያዛል። አንቀጽ 1885 ውሉ ሲተው የሚሆነውን ይደነግጋል። ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ከተወ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። የመጨረሻዎቹ ሁለት አንቀጾች የሚሠሩት ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ካላደረጉ ነው።

ከእነዚህ አንቀጾች ሁለት ቁም ነገሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ ቀብድ ሰጪንም ተቀባይንም እኩል የሚያስር መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ቀብድ ከውሉ የመውጫ ዋጋ መሆኑ ነው፤ ሐሳቡን የቀየረ ሰው ያን ያህል ከፍሎ በሰላም ይለያል። በዚህ ላይ የሕጉ አንቀጽ 1719፣ ልዩ ድንጋጌ ከሌለ በቀር፣ ለውል የተለየ ፎርም አያስፈልግም ይላል። ስለዚህ በስልክ የተነገረ የፀጉር ቀጠሮም ቢሆን፣ ሥራው፣ ዋጋውና ቀኑ ከታወቀ፣ ውል ሊሆን ይችላል። ሕጉ ሲወጣ ግን ቀብድን ከፀጉር ቀጠሮ ጋር የሚያገናኝ ልማድ ገና አልተፈጠረም ነበር።

የተራ ዘመን

የፀጉር ሥራ ከቤት ወጥቶ የሱቅ ንግድ እንዲሆን ካደረጉት ነገሮች አንዱ መሣሪያ ነው። ጀርመናዊው ካርል ኔስለር በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ለንደን ላይ ለሕዝብ ያሳየው በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የፀጉር መጠቅለያ አንዲትን ሴት ስድስት ሰዓት ያህል ወንበር ላይ ያስቀምጣት ነበር። ይህን ያህል ጊዜ የሚወስድ ሥራ፣ በር ከፍቶ የመጣውን ሁሉ በመቀበል አይከናወንም። ማሽኑ ውድ ነው፣ ወንበሩም ውስን ነው፤ ማን መቼ እንደምትመጣ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። የቀጠሮ መዝገብና ስልክ በአውሮፓና በአሜሪካ የውበት ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡት በዚህ ምክንያት ነው።

በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሴቶች ፀጉር ቤት መሣሪያዎቹን ይዞ ሲስፋፋ ቀጠሮው አብሮ አልመጣም። ቢጎዲኑና ካስኩ ገቡ፤ አሠራሩ ግን የተራ ነበር። ቀድማ የመጣች ቀድማ ትሠራለች። አንዷ ካስክ ሥር ሆና ስትደርቅ ሌላዋ ትታጠባለች፣ ሦስተኛዋ ትጠቀለላለች፣ የቀሩት አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። በእንቁጣጣሽ ዋዜማና በቅዳሜ ሹር ወረፋው ከበር ይወጣል፤ ጎህ ሳይቀድ መጥታ ተራ የምትይዝ፣ ታናሽ እኅቷን ልካ ተራ የምታስይዝ ደንበኛ ብዙ ናት። ክፍያ የሚፈጸመው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፤ የታወቀች ደንበኛ ከሆነች በዱቤም ይያዝላታል።

ተራ የራሱ ፍትሕ አለው። የቀረች ሴት ተራዋን ታጣለች፤ ፀጉር ቤቱ ግን ምንም አያጣም፤ ከኋላዋ ሌላ አለች። በተራ አሠራር ውስጥ የጊዜን ዋጋ የሚከፍሉት ደንበኞች ናቸው፤ ለአንድ ሰዓት ሥራ ግማሽ ቀን ሊጠብቁ ይችላሉ። ቤት ውስጥ ከልጅና ከምግብ ሥራ ጋር የምትታገል ሴትም፣ ከቢሮ በምሳ ሰዓት ብቅ የምትል ሠራተኛም ይህን ዋጋ ትከፍላለች። ቀብድ ያላስፈለገውም ለዚህ ነው። አደጋው ያለው ቀብድ ሊሰጡ በሚችሉት ደንበኞች ላይ እንጂ ቀብዱን በሚቀበለው ፀጉር ቤት ላይ አልነበረም።

ስልክና የቀረች ደንበኛ

ይህን የተራ አሠራር የለወጠው ስልክ ነው። የቤት ስልክ በነበረበት ዘመን ቀጠሮ የሚያስይዙት ጥቂቶች ነበሩ። በ1991 ዓ.ም. የሞባይል አገልግሎት ተጀምሮ በቀጠሉት ዓመታት ስልኩ በብዙ ሰው እጅ ሲገባ፣ ከቤት ሳይወጡ «ነገ 8 ሰዓት ያዢልኝ» ማለት ተቻለ። ሥራ የሚበዛባት ሴት መጠበቅ ቀረላት። ፀጉር ቤቱም ቀኑን በሰዓት ከፋፍሎ ማቀድ ቻለ።

ቀጠሮ ግን የጊዜን ዋጋ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረው። በተራ ጊዜ የምትጠብቀው ደንበኛዋ ነበረች፤ በቀጠሮ ጊዜ የሚጠብቀው ባለሙያው ሆነ። ለአንዲት ሴት ሦስት ሰዓት ተይዞ እሷ ከቀረች፣ በዚያ ሰዓት ልትሠራ ትችል የነበረች ሌላ ሴት «ሞልቷል» ተብላ ተመልሳለች። ኪሳራው በፀጉር ቤቱ ባለቤት ላይ ብቻ አይቆምም። በብዙ ፀጉር ቤቶች ሠራተኞች የሚከፈሉት በሠሩት ልክ፣ በፐርሰንት ነው። ደንበኛ ስትቀር የሠሪዋ የዕለት ገቢ አብሮ ይቀራል፤ ኪራይና መብራት ግን አይቀርም።

መቅረት ሁልጊዜ ከንቀት አይመጣም። ለቅሶ በኢትዮጵያ ኑሮ ከማንኛውም ቀጠሮ ይቀድማል፤ የጎረቤት ቀብር እያለ ፀጉሯን ልትሠራ የሄደች ሴት በሰፈሯ ትወቀሳለች። የክረምት ዝናብና የትራንስፖርት ችግር የታወቁ ናቸው። በአንድ ቀን በሁለት በሦስት ቤት ተመዝግባ ቀድሞ ወደ ተመቻት የምትሄድም አለች፤ ይህኛው ጥፋት ነው።

የሰዓት አቆጣጠርም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። የኢትዮጵያ ሰዓት ከንጋት ይጀምራል፤ «3 ሰዓት» ሲባል በአገር ቤት ረፋድ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ግን ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። ከውጭ ለሠርጓ የመጣች ሙሽራ በጽሑፍ 3 ሰዓት ብላ ብትቀጠር፣ ባለሙያዋ ጠዋት ተዘጋጅታ ስትጠብቅ ሙሽራዋ ገና ከሰዓት በኋላን እያሰበች ሊሆን ይችላል። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ የኢትዮጵያ ወር ከፈረንጁ ጋር ስለማይገጥም ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ቀጠሮ ሳምንት ያሳስታል። ልምድ ያላቸው ሳሎኖች ሰዓቱን ከ«ጠዋት» ወይም ከ«ከሰዓት» ጋር፣ ቀኑን ደግሞ ከሳምንቱ ቀን ስም ጋር አብረው መጻፍ የለመዱት ከዚህ የተነሣ ነው።

ሙሽራና የጾም ቀመር

ቀብድ ወደ ውበት ሥራ የገባበት ዋናው በር የሙሽራ ሥራ ነው። ምክንያቱ ከዋጋው ትልቅነት ይልቅ በቀኑ ውስንነት ላይ ነው፤ ውስንነቱንም የሚወስነው የአጽዋማትና የበዓላት ቀመር የሆነው ባሕረ ሐሳብ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት በዐቢይ ጾም ሠርግ አይደገስም። ከጥንት ጀምሮ የታወቀው የሠርግ ወቅት ከጥምቀት በኋላ፣ ጾሙ እስኪገባ ያለው ጊዜ ነው። ዐቢይ ጾም ደግሞ ከየካቲት 1 አይወርድም፣ ከመጋቢት 5 አይበልጥም። ጾሙ ቀድሞ በገባበት ዓመት ከጥር 11 እስከ የካቲት 1 ያለው ጊዜ ሦስት ሳምንት እንኳ አይሞላም፤ በዘገየበት ዓመት ግን ከሰባት ሳምንት ያልፋል። ሁለተኛው ወቅት ከፋሲካ በኋላ የሚመጣው ነው፤ እሱም ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ከሚመላለሰው ከፋሲካ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። በሙስሊሙ ዘንድም ከረመዳን በፊትና ከዒድ አልፈጥር በኋላ ያሉት ሳምንታት ይጣበባሉ፤ እነሱም በየዓመቱ ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ እየሳቡ ይሄዳሉ።

የከተማ ሠርግ በአብዛኛው ቅዳሜና እሑድ ነው። ስለዚህ ጾሙ ቀድሞ በገባበት ዓመት አንዲት የሙሽራ ባለሙያ በጥር ወር ሙሉ ያላት የሠርግ ቀን በጣት የሚቆጠር ነው። ሥራውም ረዥም ነው። ሙሽራው ሙሽራዪቱን ሊወስድ የሚመጣው በጠዋት ከሆነ ሜካፑ ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ይጀመራል። ሚዜዎች አሉ፣ እናት አለች፣ የመልስ ቀን ሌላ ልብስና ሌላ ፀጉር አለ። ይህ ሁሉ በአንድ ዋጋ ተጠቃልሎ «ፓኬጅ» ይባላል። ከሠርጉ በፊት የሚደረግ የሙከራ ሜካፕም ይጨመርበታል። ለአንዲት ሙሽራ የተሰጠ የጥር ቅዳሜ ለሌላዋ አይሰጥም፤ ሙሽራዋ በመጨረሻው ሳምንት ብትቀር ያን ቀን የሚተካ ደንበኛ አይገኝም።

በዚህ ጊዜ የሙሽራ ባለሙያዋ ራሷን በልብስ ሰፊው ቦታ አገኘችው። ለአንዲት ሴት ብቻ የተለየው ቀን፣ በአንዲት ሴት ልክ እንደተሰፋው ቀሚስ ለሌላ የማይሆን ሆነ። ቀብድም ከዕቃ ወደ ቀን የተሻገረው በዚሁ ምክንያት ነው። የሠርግ አዳራሽ፣ ዲኮር፣ ቪዲዮና የቬሎ ኪራይ በቀብድ መያዛቸው የተለመደ ስለነበር፣ የሙሽራዋ ቤተሰብም ለሜካፕ ቀብድ ሲጠየቅ አዲስ ነገር አልሆነበትም።

የሕጉ አሠራር በቁጥር ሲታይ ግልጽ ነው። አንዲት ሙሽራ ለ12,000 ብር ፓኬጅ 4,000 ብር ቀብድ ሰጠች እንበል። ሥራው በቀኑ ከተሠራ ቀብዱ ከዋጋው ይታሰብና 8,000 ብር ትጨምራለች። ሙሽራዋ ውሉን ከተወችው 4,000 ብሯ ይቀራል። ባለሙያዋ የበለጠ የሚከፍል አግኝታ ወይም ሁለት ሙሽሮችን በአንድ ሰዓት ይዛ ይህችኛዋን ከተወቻት ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ካልነበራቸው፣ 8,000 ብር ትመልሳለች። በሠርጓ ጠዋት ያለ ባለሙያ የቀረች ሙሽራ የሚደርስባት ጉዳት ሲታሰብ ይህ እጥፍ የበዛ አይደለም።

ገንዘብ በስልክ

ቀብድ ከሙሽራ ሥራ አልፎ ወደ ዕለታዊው የፀጉር፣ የሽፋሽፍትና የጥፍር ቀጠሮ እንዲወርድ ያደረገው የክፍያው መቅለል ነው። ቀድሞ ቀብድ ለመስጠት በአካል መሄድ ያስፈልግ ነበር። ለ500 ብር ሥራ 100 ብር ቀብድ ልትሰጥ ታክሲ ይዛ የምትሄድ ደንበኛ አትገኝም። የባንክ የሞባይል አገልግሎቶች ተስፋፍተው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ሲጀምር፣ ትንሽ ገንዘብ በደቂቃ ውስጥ መላክ የማንም ሰው ዕለታዊ ነገር ሆነ። በዚያው ሰሞን ባለሙያዎች ሥራቸውን በቴሌግራም፣ በኢንስታግራምና በቲክቶክ ማሳየት ለምደው ነበር። ደንበኛዋ ሥራውን የምታየው፣ ቀጠሮ የምትይዘውና ቀብዱን የምትልከው በአንድ ስልክ ሆነ።

የዚህ ዘመን ደንበኛ ከባለሙያዋ ጋር የሰፈር ትውውቅ የላትም። በጎረቤት ዘመን ቅሬታና ይቅርታ ይሠራው የነበረውን፣ በተራ ዘመን ወረፋው ይሠራው የነበረውን ሥራ የሚሠራ ሌላ ነገር አልነበረም። በማያውቋት ሴት ስም ለተያዘ ሰዓት የቀረው መተማመኛ ገንዘብ ብቻ ነው። ስለዚህ በየገጹ አናት ላይ «ቀብድ አይመለስም» የሚለው ማስታወቂያ ተለመደ። ከሱም ጋር ዝርዝር ደንቦች መጡ፦ ቀን ለመቀየር አስቀድሞ ማሳወቂያ ጊዜ፣ ለዘገየች ደንበኛ የሚሰጥ የትዕግሥት ደቂቃ፣ ቀብዱ ወደ ሌላ ቀን የሚዛወርበት ሁኔታ።

ከሕጉ ሦስት አንቀጾች ጋር ሲነጻጸር ግን ማስታወቂያው ግማሹን ብቻ ይናገራል። ሰጪዋ የምታጣውን ይገልጻል፤ ተቀባዩ የሚመልሰውን አይገልጽም። ባለሙያዋ ብትታመም፣ ሳሎኑ ሌላ ሰው ቢያስቀድም፣ ደንበኛዋ በሰዓቷ መጥታ ሁለት ሰዓት ብትጠብቅ ምን እንደሚሆን የሚጽፉ ጥቂቶች ናቸው። በቀብድ ዙሪያ የሚነሣው ቅሬታ አብዛኛው ከዚህ ይመነጫል።

ማንም ባላጠፋ ጊዜ

ሁለት ተከታታይ ዓመታት ሌላ ጥያቄ አስነሡ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በግድቦች የውኃ እጥረት ምክንያት በመላ አገሪቱ የኤሌክትሪክ ፈረቃ ታወጀ። ካስክ፣ ማድረቂያና መተኮሻ ያለ መብራት አይሠሩም፤ ጄኔሬተር የሌለው ፀጉር ቤት የያዘውን ቀጠሮ በፈረቃው መሠረት መገልበጥ ግድ ሆነበት። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ ተገኘ፤ በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 11 ቀን ስለነበር ክልከላው የመጣው የሁለተኛው የሠርግ ወቅት ሊከፈት ሲል ነው። ቀብድ የተሰጠባቸው ሠርጎች ተራዘሙ ወይም ያለ ድግስ ተፈጸሙ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 1792 ጀምሮ ስለ ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል ይደነግጋል። ሊታሰብ የማይችልና ግዴታን ከመፈጸም ፈጽሞ የሚያግድ ነገር ሲደርስ ባለዕዳው ከኃላፊነት ይድናል። በሕጉ ከተጠቀሱት ምሳሌዎች መካከል በመንግሥት የተደረገ ክልከላ፣ የተፈጥሮ መቅሠፍት፣ ጦርነት፣ የባለዕዳው ሞትና ያልታሰበ ጽኑ ሕመም ይገኙበታል። በአዋጅ የተከለከለ ሠርግ ሙሽራዋም ባለሙያዋም ያጠፉበት አይደለም። ቀብዱን እንደ ቅጣት መውሰድም፣ እጥፉን መጠየቅም ከዚህ ጋር አይሄድም። ብዙዎች የመረጡት መካከለኛውን መንገድ ነው፤ ቀብዱ ባለበት ሆኖ ቀኑ ተዛወረ። መጨቃጨቅ የበዛው ስለ መዛወር አስቀድሞ ምንም ባልተነጋገሩት መካከል ነው።

ከባሕር ማዶ

በዋሽንግተን ዲሲና በለንደን ለሐበሻ ደንበኞች ሹሩባ የሚሠሩና ሙሽራ የሚያስውቡ ባለሙያዎችም ቀብድ ይቀበላሉ፤ የሚሠሩት ግን በየአገሩ ሕግ ነው። በእንግሊዝ የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1884 ሀው በስሚዝ ላይ ባቀረበው የመሬት ግዢ ክርክር፣ ቀብድ ውሉ እንዲፈጸም የተሰጠ ዋስትና ስለሆነ ውሉን ያልፈጸመ ገዢ እንደሚያጣው ተወሰነ። በዚያ ሕግ ተቀባዩ ሲያጠፋ እጥፍ ይመልስ የሚል ደንብ የለም፤ የተጎዳው ወገን ቀብዱንና የደረሰበትን ጉዳት ይጠይቃል። በፈረንሳይ በአንጻሩ ሸማች ለነጋዴ አስቀድሞ የከፈለው ገንዘብ ሌላ ስምምነት ከሌለ እንደ ቀብድ ይቆጠራል፤ ነጋዴው ውሉን ከተወም እጥፉን ይመልሳል። ከውጭ መጥታ አዲስ አበባ ላይ የምትሞሸር ሴት ስለ ቀብድ የለመደችው ደንብ፣ ባለሙያዋ ከለመደችው ሊለይ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የተረጋገጠ ልማድ

ከዚህ ሁሉ ጉዞ በኋላ በጥሩ ሳሎኖች ዘንድ አንዳንድ ልማዶች እየጸኑ መጥተዋል። ቀብድ የሚጠየቀው ቀኑን ወይም ሰዓቱን ለሌላ መስጠት በማይቻልበት ሥራ ላይ ነው፤ ለአጭር ሥራ ተራው ዛሬም ይበቃል። የቀብዱ መጠን ደንበኛዋ ስትቀር ከሚደርሰው ኪሳራ ጋር ይመዛዘናል። ደረሰኙ ላይ ስም፣ ሥራ፣ ጠቅላላ ዋጋ፣ የተከፈለው፣ የቀረውና ቀኑ ይሰፍራል። በዋዜማው የማስታወሻ ስልክ ይደወላል ወይም አጭር መልእክት ይላካል፤ ከተረሱ ቀጠሮዎች ብዙዎቹ በዚህች አንዲት ጥሪ ይድናሉ። በጊዜ ያሳወቀች ደንበኛ ቀብዷ ወደ ሌላ ቀን ይዛወርላታል። ለቅሶና ሕመም ሲያጋጥም ባለሙያዋ ሰብአዊነትን ታስቀድማለች፤ ይህን የሚያዛት ሕግ ባይኖርም ደንበኛን ለዓመታት የሚያቆየው እሱ ነው።

የጎረቤት ሹሩባ ዘመን ላይመለስ አልፏል። ዛሬ በፀጉርና በሜካፕ ሙያ የሚተዳደሩ ብዙ ሴቶች አሉ፤ የእነሱም ሰዓት እንጀራቸው ስለሆነ ቀጠሮ አስይዞ መቅረት ጉዳት ነው፣ ቀብድ መጠየቃቸውም አግባብ ነው። አግባብነቱ የሚሞላው ግን ቀብዱ በሁለቱም ወገን ሲያስር ነው። «ቀብድ አይመለስም» ብሎ የሚጽፍ ሳሎን በዚያው ማስታወቂያ ላይ «እኛ ከቀረን እጥፉን እንመልሳለን» ብሎ መጨመር ይገባዋል፤ ደንበኛዋም ገንዘቧን ከመላኳ በፊት ይህን መጠየቅ መብቷ ነው።